ሠላሳ አንድ ጠርሙስ ኮክ

ሎስ አንጀለስ፣ ኦገስት 25፣ 2013

ለተከበርሽው፣ ለተፈራሽው፣ የሆለታ የኮክ ንግሥት ለእትዬ ቦሰና፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ፣ ዶሮዎችሽ፣ ስልኳን የምታውሰን ጎረቤትሽ ዙሌይካ፣ ሁሉም በየተራ እንዴት ናቸው? እኔ ተመስገን አለሁ። አልከሳሁም፣ አልወፈርኩም፣ አላገባሁም። ሦስቱንም ልትጠይቂኝ እንደሆነ ስለማውቅ አስቀድሜ መለስኩልሽ።

አንድ ነገር ቸግሮኛል። የማድርበትን ክፍል የሰጠኝን ጋሼ ንጋቱን ታውቂዋለሽ፣ በፎቶ አሳይቼሻለሁ፤ ሃያ ዓመት ታክሲ ሲነዳ አንድ ቀን ያልሳቀ ሰው። ዌስት አዳምስ ያለው ቤቱ ጓሮ ውስጥ ትልቅ የፒር ዛፍ አለ። ፒር ማለት ፖም ሆኖ አንገት ያወጣ ፍሬ ነው። ዛፉ ዘንድሮ ዝም ብሎ አብዷል። ፍሬው እየወደቀ ጋሼ ንጋቱ መኪናውን ፓርክ የሚያደርግበት ቦታ ላይ ይፈርጣል። ትናንት ጠዋት ሦስቱ መስታወቱ ላይ ፈርጠው አገኛቸው።

«ዮፍታሄ!»

«አቤት ጋሼ!»

«ወይ ይህን ፍሬ አንድ ነገር አድርገው፣ ወይ ዛፉን አስቆርጠዋለሁ።»

«ጋሼ፣ መኪናውን አንድ ሜትር ወደ ኋላ ብታደርገው እኮ…»

«መኪናው እዚህ ነው የሚቆመው። ዛፉ ነው የሚሄደው!»

ሶ፣ እትዬ፣ ያንቺን የኮክ ፍሬ በስኳር ውሃ እንዴት አድርገሽ ለወራት እንደምታቆዪው ጻፊልኝ። እኔ ከቁም ሳጥን ላይ ሰርቆ መብላቱን እንጂ መሥራቱን አልተማርኩም። ደግሞ ፌርፋክስ ላይ የእንግዶችን መኪና እያቆምኩ የምሠራበት ሬስቶራንት የምታስተናግድ ሄራን የምትባል ልጅ አለች። ቀን ቀን ዌስትውድ ባለው ዩኒቨርሲቲ ስለ ምግብ ኬሚስትሪ ትማራለች። «የኔ አክስት ያለ ፍሪጅ ስድስት ወር ታቆያለች» ብዬ ፎክሬባታለሁና አታዋርጂኝ።

ስለ ሚያዝያው ነገር ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ኦኬ? እንደገና እንዳታነሺው።

ጉንጭሽን ቆንጥጬ፣ ሳትመቺኝ ሮጬ፣
ዮፍታሄ


ሆለታ፣ መስከረም 6 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለማይታረመው ልጄ ለዮፍታሄ፤

የእግዚአብሔር ሰላምታ ይድረስህ። አዲሱን ዘመን የጤናና የልቡና ያድርግልህ፤ በተለይ የልቡና።

እንዳታነሺው ትላለህ። አነሳዋለሁ! ለዙሌይካ ደውለህ «የአሜሪካ ሰዎች የእትዬን ኮክ ቀምሰው ሊገዙ ቅዳሜ ይመጣሉ» አልካት። ግድግዳውን በኖራ አስቀባሁ። በግ አረድኩ። ዙሌይካ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት መንገድ ዳር ቆመች። የመጣው ማን ነው? የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ! በጉን እሱ በላው። እስከ ዛሬ ወሩ ሳይሞላ እየመጣ በሬን ያንኳኳል።

ዛፉ ምን በደለ ብዬ እንጂ ላንተስ አልጽፍም ነበር። አሁን ስማ። ይህን በልጅነቴ አዲስ አበባ ወጥ ቤቷ ሳለሁ ያስተማረችኝ አርመኗ ማዳም ሲራኑሽ ናት፣ ነፍሷን ይማር።

ፍሬው ጠንከር ያለ ይሁን። ጣትህ የሚሰምጥበትን እዚያው ብላው። ልጠህ ግመሰው፣ ፍሬ ልቡን አውጣ፤ እንዳይጠቁር ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ውስጥ ጣለው። አንድ ስኳር ለሁለት ውሃ አድርገህ እስኪጠራ አፍላ፣ ትንሽ ሎሚ ጨምርበት፣ ፍሬውን በሱ ለብ ለብ አድርገው። ጠርሙሱን በፈላ ውሃ ቀቅለህ በትኩሱ ሙላው፤ ከአፉ የግማሽ ጣት ያህል ቦታ ተውለት። ክዳኑን ግጠም። ትልቅ ድስት ሥር ጨርቅ አንጥፍና ጠርሙሶቹን ደርድር፤ ጨርቅ ከሌለ ይፈነዱብሃል። ውሃው ክዳኑን ይሸፍን። መፍላት ከጀመረ በኋላ መልክአ ማርያምን ሁለት ጊዜ ድገም፤ ሳትቸኩል፣ ሳትዘል። ሁለተኛው ሲያልቅ አውጣው። ማዳም በሰዓት ነበር የምትለካው። እኔ ሰዓት አልነበረኝም።

የኔ ክዳኖች ዝገዋል። የሚመጣ ሰው ካገኘህ አዲስ ክዳን ላክልኝ። የእህቴ ልጅ የሉሊት ሠርግ ጥር 18 ነው። የሙሽራው ወገኖች የከተማ ሰዎች ናቸው፤ ሽማግሌ የላኩ ዕለት አያቱ ወንበሬን በመሐረብ ጠርጋ ነው የተቀመጠችው። ለመልሱ ኮኬን አቀርብላቸዋለሁ፣ ያኔ እንተያያለን። ዘንድሮ ዝናቡ ስለዘገየ ኮኩም ዘግይቷል፤ ጥቅምት ሲገባ እሠራለሁ።

ጋሼ ንጋቱንም አንተ ማለትህን አቁም። የአባትህ ታላቅ የሚሆን ሰው ነው።

አክስትህ ቦሰና


ሎስ አንጀለስ፣ ሴፕቴምበር 29፣ 2013

የከሰል ነጋዴዎች ሁሉ ባለውለታ ለሆንሽው ለእትዬ ቦሰና፤

ሰላምና ጤና ካንቺ አይራቅ፤ ከቆጣሪ አንባቢውም ጭምር።

ይህን ደብዳቤ ከነክዳኖቹ የሚያደርስልሽ እንዳሻው ነው፣ የኛ ሰፈር ባለታክሲ። ሠላሳ ስድስት ክዳን ነው፤ ሲሰጥሽ ቁጠሪ። እሱ ታማኝ ነው፣ ግን ሲቆጥሩበት ደስ ይለኛል።

አሁን ስለ ሙያሽ እናውራ። መልክአ ማርያምን እኔ ከመጀመሪያዋ መስመር አላልፍም፣ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን ዲያቆን መዝሙርን ለመንኩት። ጓሮ ድስቱ አጠገብ አቆምኩት። እሱ ይደግማል፣ እኔ በስልኬ ደቂቃ እቆጥራለሁ፣ ጋሼ ንጋቱ በመስኮት እያየ «ድስት ያስጠምቃሉ እንዴ?» ይላል። አንዱ ድጋም አሥራ ስምንት ደቂቃ ፈጀ።

ግን እትዬ፣ የክዳኑ ካርቶን ውስጥ የእንግሊዝኛ ወረቀት አለ። ስለ ፒርም ስለ ኮክም የሚለው ሃያ ደቂቃ ነው። ሃያ! ይህን ሁሉ ዘመን በከንቱ ከሰል ስታነጂ ኖረሻል! ሁለተኛው ድጋም ትርፍ ነው፤ ለጽድቅሽ ከሆነ ከእሳቱ ርቀሽ ጥላ ሥር ድገሚው። እኔ በአንዱ አወጣሁት፣ ለሁለቷ ደቂቃ አቡነ ዘበሰማያት ጨምሬ። አሥራ አራት ጠርሙስ፣ እንደ ወርቅ! ጋሼ ንጋቱ አንዱን ጠርሙስ ብቻውን በልቶ «መጥፎ አይደለም» አለ። ዛፉ ተረፈ። ከሱ አፍ ይህ እልልታ ነው።

ሶ አንዴ ይበቃል። ይህን የምልሽ በቀልድ አይደለም፣ ወረቀት ላይ አለ።

ያንቺው ሊቅ፣
ዮፍታሄ


ሆለታ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዮፍታሄ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነን። እንዳሻው ደርሷል፣ ክዳኑም ሙሉ ነው። ፊቱ ላይ ቆጥሬ አላሳፈርኩትም፤ ከወጣ በኋላ ቆጠርኩ።

ደብዳቤህን አንብቤ ሦስት ቀን ተናደድኩ። «ከንቱ ከሰል» አልክ! ማዳም ሲራኑሽ ብትሰማህ በጭልፋ ነበር የምትልህ። ግን አራተኛው ቀን ኮኩ ተለቅሞ አለቀ። ስኳሩን ከሸማቾች ሱቅ ሁለት ቀን ተሰልፌ ነው ያገኘሁት። ከሰል ባለፈው ዓመት ከገዛሁበት እጥፍ ሆኗል። ጉልበቴም እንደ ድሮው እሳት አጠገብ አያቆመኝም፣ ይህን ላንተ ብቻ ነው የምናገረው፤ ሉሊት ከሰማች ሥራውን ከእጄ ትነጥቀኛለች። ስለዚህ እንዳልከው አንዴ ብቻ ደገምኩ። አንዱን ጨርሼ ሳወጣው ሆዴ ቅር አለው። ከዚያ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ክዳኖቹ ጧ ጧ እያሉ ወደ ውስጥ ገቡ፣ ደስ አለኝ። ሠላሳ አንድ ጠርሙስ ሆነ። እንደዚህ የጠራ ሠርቼ አላውቅም።

ዙሌይካ «ቶሎ አወጣሽው» አለችኝ። «ልጄ ከእንግሊዝኛ ወረቀት አንብቦ የላከልኝ ነው» አልኳት። ለሰንበቴ ሴቶችም እንደዚሁ ነው የነገርኳቸው።

ሌላ ነገር አልፈልግም። በሙሉ ልብስ ፎቶ ተነሥተህ ላክ፤ ለሠርጉ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። መኪና የምታቆምበትን ቢጫ ሰደርያ እንዳትለብስ፣ አደራ።

አክስትህ ቦሰና


ሎስ አንጀለስ፣ ኖቬምበር 24፣ 2013

ለእትዬ ቦሰና፣ ባለ ሠላሳ አንድ ቦንቧ፤

ሰላም ለቤትሽ ይሁን፣ ቤትሽ እስካለ ድረስ። ተቀመጪና አንብቢ። ከጠርሙሶቹ ግን ራቅ ብለሽ!

ትናንት ሄራንን ፒሬን አቀመስኳት። በላች። ደገመች። እኔ ደረቴን ነፋሁ።

«ማን አስተማረህ?»

«አክስቴ። ግን አሁን እኔ ነኝ የማስተምራት። በሁለት ድጋም ስታበስለው ኖራ በአንድ አስጨረስኳት።»

«የት ነው የምትኖረው አክስትህ?»

«ሆለታ።»

ማንኪያውን አስቀመጠችው። «ወረቀቱን አምጣ።» አመጣሁ። አንብባ ገለበጠችው። ገለበጠችው፣ እትዬ! ጀርባው ላይ ሙሉ ሠንጠረዥ አለ፣ እኔ የሠሪዎቹ አድራሻ መስሎኝ ነበር። «ሆለታ ከባሕር ምን ያህል ከፍ እንደሚል ታውቃለህ?» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጂኦግራፊ ላይ ስደርስ ነው ከትምህርት ቤት የወጣሁት። ለካ ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ግን ሲፈላም ሙቀቱ ከዚህ ያነሰ ነው። ሎስ አንጀለስ ባሕሩ አፍ ላይ ናት፣ ሃያ ደቂቃ ይበቃታል። ሆለታ ሠላሳ አምስት ይፈልጋል። በየትኛው ሂሳብ እንዳገኛችሁት ባላውቅም ሁለት መልክአ ማርያም ማለት ነው! «ያልበሰለው ውስጡ ሊበላሽ ይችላል» አለችኝ ሄራን። «ሊቦካ ይችላል፣ ሰው ሊያሳምም ይችላል። ደውልላት፣ አሁኑኑ።»

ደወልኩ። ዙሌይካ አነሳች። «እትዬ ኮኩን እንዳታበላ ንገሪያት» አልኳት። «አሁን ደግሞ ለማን በግ እንረድ?» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ። ሉሊት ጋ ደወልኩ። «ለሠርጌ እንኳ አታርፍም?» ብላ ሳቀች።

ሶ እትዬ፣ ኮኩን አትስጪያቸው። የሙሽራው አያት አንድ ማንኪያ ቀምሳ ወንበሩ ላይ ብትፈነዳ በመሐረብ አይጠረግም! ለቆጣሪ አንባቢው ግን አንዱን ጠርሙስ ብትሰጪው አልቃወምም።

ፎቶውን ልኬያለሁ። ሙሉ ልብሱ የጋሼ ንጋቱ ነው፤ እጁ አጭር ስለሆነብኝ እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌያለሁ።

የተዋረደው፣
ዮፍታሄ


ሆለታ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለዮፍታሄ፤

ጤና ይስጥልኝ። ፎቶው ደርሷል፣ አምሮብሃል። ደብዳቤውም ደርሷል፤ እሱ አላማረብህም።

መጀመሪያ ሁለት ስትደግሚ ከሰል ጨረስሽ አልክ። አንድ ስደግም ደግሞ ቦንብ ሠራሽ አልክ። በሚቀጥለው ደብዳቤህ ኮኩን በጥሬው ቅበሪው ትለኝ ይሆናል። ውሃ እዚህና እዚያ ሌላ ሌላ ሙቀት አለው ብለህ ማንን ነው የምታሞኘው? ውሃ ውሃ ነው! ይህን ስትጽፍ ከዚያች ልጅ ጋር ሆናችሁ እየሳቃችሁ እንደነበር እዚህ ሆኜ ይሰማኛል።

እኔ ሁለተኛ በግ አላርድም። ጠርሙሶቼ ቁም ሳጥኑ ላይ ተደርድረዋል፣ ሉሊት ለእያንዳንዳቸው ክዳን የጨርቅ ቆብ ሰፍታላቸዋለች። የሰንበቴ ሴቶች መጥተው አይተዋል። የሙሽራው አያት በሰው ልካ «ያ የተባለው ኮክ አለ ወይ?» ብላ አስጠይቃለች። አለ ብያለሁ። ከዚህ በኋላ ቃሌን አላጥፍም።

አንተ መኪናህን አቁም። ኮኩን ለኔ ተውልኝ።

ቦሰና


ሎስ አንጀለስ፣ ጃንዩዋሪ 3፣ 2014

ለእትዬ ቦሰና፤

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። በፈጣን ፖስታ ነው የምመልስልሽ።

ወረቀቱን ያነበብኩት ግማሹን ነው። የነገርኩሽ ስሕተት ነበር። ያንቺው አሠራር ትክክል ነበር።

ሠላሳ አንዱንም ለማንም አትስጪ። ደህና የሚመስለውንም ጭምር። አንቺም አትቅመሺው። ድጋሚ በማፍላት አይድንም፣ ሄራንን ጠይቄያታለሁ። ጉድጓድ አስቆፍረሽ አስቀብሪው።

ሚያዝያ ላይ ያደረግኩት ነገር ባይኖር ታምኚኝ እንደነበር አውቃለሁ። አሁን እንድታምኚኝ ምን ማለት እንዳለብኝ አላውቅም። ሰው ከታመመ ጥፋቱ የኔ ነው።

ዮፍታሄ


ሆለታ፣ ጥር 25 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዮፍታሄ፤

ሰላምና ጤና ይብዛልህ። ምነው እንዲህ ታደርገኛለህ?

ደብዳቤህ የደረሰው ጥር 9፣ ለሠርጉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። መነጽሬ በግርግሩ ስለጠፋ ሉሊትን «አንቢልኝ፣ ዛሬ ደግሞ ምን እንዳለ እንስማ» አልኳት። አነበበች።

«ቀልዱስ?» አልኳት።

«የለም።»

«ገልብጪው።»

«ገለበጥኩት እትዬ፣ ባዶ ነው።»

«ፖስታው ውስጥስ?»

ፖስታውን አራገፈችው። ምንም የለም። እኔ ያኔ ጮህኩ። ታሟል አልኩ። ሆስፒታል ተኝቶ ነው፣ አንድ ነገር ሆኗል እንጂ ይህ የሱ ቃል አይደለም አልኩ። ዙሌይካ ጩኸቴን ሰምታ ስልኳን ይዛ ሮጣ መጣች። ደወለችልህ፣ አላነሳህም። ለካ እዚያ ሌሊት ነው። እኔ ይህን መቼ አስቤ! እዚያ ሲነጋ ጋሼ ንጋቱ ስልክህን አንሥቶ «ደህና ነው፣ ተኝቷል፣ ዛፉ ሥር» ብሎ እስኪነግራት ድረስ እህል አልቀመስኩም። ለምን ዛፉ ሥር እንደምትተኛ ደግሞ በሌላ ደብዳቤ ትነግረኛለህ።

ደህና መሆንህን ስሰማ ነው ወደ ኮኩ የሄድኩት። ሉሊት አንዱን ቆብ አነሣች። ክዳኑ ወደ ላይ አብጧል። ስትነካው ፊስስ ብሎ ተነፈሰና ግድግዳው ላይ ተረጨ፤ ያ በኖራ ያስቀባሁት ግድግዳ ላይ! አሥራ ሁለቱ እንደዚያ ነበሩ። አሥራ ዘጠኙ ግን ጥርት ያሉ፣ ዝም ያሉ። እነሱን ይዤ ብዙ ቆምኩ። ዮፍታሄ፣ አሥራ ዘጠኝ ነበሩ፣ እንደ ወርቅ። ሉሊት «እኔ እንጃ እትዬ፣ አንቺ እንዳልሽ» አለችኝ። የከተማዋን አሮጊት አሰብኩ። ለዚያች መሐረብ ብዬ ሰው ልግደል? ሁሉንም ጓሮ አስቀበርኩት።

አላለቀም። የዙሌይካ ፍየሎች ገመድ በጥሰው ጉድጓዱን ጫሩት። የቦካ ኮክ ጠግበው በሉና ሦስቱ በሰፈሩ መሐል እየተንገዳገዱ ዞሩ፤ አንዷ ከደጀ ሰላሙ ጋር ተጋጨች። አልሞቱም። ዙሌይካ ግን ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም፤ የታረቅነው ለሠርጉ እንጀራ ሲያንስብኝ ነው።

ሠርጉ አለፈ፣ ሉሊት አምሮባታል፣ አንተም ግድግዳ ላይ እጅህን ደብቀህ ቆመሃል። ለመልሱ ብርቱካንና ሙዝ ከትፌ አቀረብኩ። አያትየዋ ሳህኑን አየችና «ኮክ አለ ተብለን ነበር» አለችኝ።

እኔ መዋሸት ጠላሁ። «ነበረ፣ ፍየል በላው» አልኳት።

ቀልድ መስሏት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች! «እንዲህ ያለሽ ተጫዋች ነሽ እንዴ?» ብላ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ሲመሽም አንድ ቀን ቤቷ እንድመጣ ጠራችኝ። እውነት በተናገርኩ ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ዋለ፤ እኔ እዚህ ላይ ምን እንደምል አላውቅም፣ አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው።

መጪው ኮክ ሲደርስ እኔ ሠላሳ ጊዜ ቢሆን ሠላሳ ጊዜ እደግማለሁ፣ አንተም አንድ ቃል አትናገር። ደግሞ ሁለተኛ እንደዚያ ያለ ደረቅ ደብዳቤ እንዳትልክብኝ። ልቤ አይችለውም። በል አሁን እንደ ደንብህ አሹፈህ ጻፍልኝ፣ በማን እንደምታሾፍም አንተ ታውቃለህ፤ ስለሚበላ ነገር ብቻ አይሁን።

አክስትህ ቦሰና